ባለ ርቀት መለኪያ የፊልም ካሜራ ከነብርሃን መለኪያው ስለ መምረጥ



ዛሬ ፎቶግራፍ ለማንሳት የግድ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። በየኪሳችን የምንይዘው ስልክ ብርሃኑን ራሱ ለክቶ፥ ርቀቱን ራሱ አስተካክሎ ሥዕሉን በቅጽበት ያሳየናል። ይህም ሆኖ ሳለ በፊልም ማንሳትን የሚመርጡ ሰዎች ጨርሰው አልጠፉም፤ እንዲያውም ላይካ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1984 ያወጣውንና ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ያቆመውን ኤም 6 የተባለ የፊልም ካሜራ በ2022 እንደ ገና መሥራት የጀመረው ፈላጊ በማግኘቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ከፈላጊዎቹ አንዱ እርስዎ ከሆኑ ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። እንዲህ ያለ ካሜራ ከወር ደመወዝ ላይ ለብዙ ጊዜ እየተቈጠበ የሚገዛ ዕቃ ነው። ፊልሙም በአንድ ጥቅል ቢበዛ 36 ሥዕል ያህል ስለሚይዝ እያንዳንዱ ሥዕል ዋጋ አለው። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው፥ ብርሃኑ በስሕተት መለካቱ የሚታወቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ሠርገኛው ተበትኗል፤ ከውጭ አገር የመጣው ዘመድ ተመልሷል፤ በደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተነሡት አያትም ምናልባት ዳግመኛ የመነሣት ዕድል አያገኙ ይሆናል። ስለዚህ የብርሃን መለኪያው በውስጡ የተሠራለትን የካሜራ አካል ለመምረጥ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አካል ስንል ሌንሱን ሳይጨምር ፊልሙ የሚገባበትን፥ መዝጊያውንና መመልከቻውን የያዘውን ክፍል ማለታችን ነው።

ባለ ርቀት መለኪያ የሚባለው ካሜራ በፊቱ ላይ ሁለት መስኮቶች አሉት። አንደኛው ዐይናችን የሚመለከትበት ትልቁ ሲሆን ሁለተኛው ከእርሱ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ትንሽ መስኮት ነው። ትንሹ መስኮት የተቀበለው ምስል በመስተዋት ወይም በፕሪዝም ተመልሶ በትልቁ መመልከቻ መካከል ይታያል። በዚህም ምክንያት የምናነሣው ሰው በመካከሉ ላይ ሁለት ሆኖ ይታየናል፤ የሌንሱን ቀለበት ስናዞር ሁለቱ ምስሎች እየተቀራረቡ መጥተው አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተስተካክሏል ማለት ነው። ነገሩ መሬት የሚለካ መሐንዲስ ከሁለት ቦታ ላይ ቆሞ አንዱን ዛፍ በማየት ርቀቱን በሦስት ማዕዘን ሒሳብ እንደሚያገኘው ያለ ነው። እንግዲህ ሁለቱ መስኮቶች የተራራቁ በሆኑ መጠን፥ መመልከቻውም ነገሩን አጕልቶ ባሳየ መጠን ልኩ የታመነ ይሆናል።

ይህን በቍጥር ማየት ይቻላል። በላይካ ኤም 6 የሁለቱ መስኮቶች ርቀት 69 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የተለመደው መመልከቻው ደግሞ ነገሩን በ0.72 መጠን ያሳያል። ሁለቱ ሲባዙ ወደ 50 ሚሊሜትር ይሆናል። ካርል ዘይስ ባወጣውና በጃፓን አገር ኮሲና የተባለው ፋብሪካ በሠራው ዘይስ ኢኮን ካሜራ 75 ሚሊሜትር በ0.74 ተባዝቶ ከ55 በላይ ይደርሳል። ይኸው ኮሲና ፎክትሌንደር በተባለው በጥንታዊው የጀርመን ስም ከሠራቸው የቤሳ ካሜራዎች መካከል አር 3 የተባለው ነገሩን በትክክለኛ መጠኑ ስለሚያሳይ 37 ሚሊሜትር ያገኛል። በ1973 የወጣው ትንሹ ላይካ ሲ ኤል ግን 19 ያህል ብቻ ነው። ለ35 ወይም ለ40 ሚሊሜትር ሌንስ ይህ አንሶ የሚያስቸግር አይደለም፤ ነገር ግን 90 ሚሊሜትር ሌንስ ይዞ ቀዳዳውን በሰፊው ከፍቶ የሰው ፊት ለማንሳት የሚፈልግ ሰው ሲ ኤልን ቢገዛ፥ ዐይን ተስተካክሎ እንዲወጣ ሲፈልግ ጆሮ ተስተካክሎ ሊያገኝ ይችላል።

የዚህ ዓይነት ካሜራ ጥቅሙ በውስጡ የሚነሣና የሚወድቅ መስተዋት ስለሌለው ድምፁ ዝግ ያለ መሆኑ፥ ሥዕሉ በሚነሣበትም ቅጽበት መመልከቻው የማይጨልም መሆኑ ነው። ጕዳቱ ደግሞ የምናየው በሌንሱ ውስጥ አለመሆኑ ነው። የሌንሱን ክዳን ሳያነሡ አንድ ሙሉ ፊልም መጨረስ በእነዚህ ካሜራዎች የታወቀ ነገር ነው፤ መመልከቻው ምንጊዜም ጥርት ብሎ ይታያልና። ብርሃንን በሌንሱ በኩል የሚለካ መለኪያ ያለው አካል ግን ክዳኑ ካልተነሣ «ብርሃን የለም» እያለ ስለሚያስጠነቅቅ ለዝንጉ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ጥቅም ነው።

አሁን ወደ ብርሃን መለኪያው እንለፍ።

በ1925 በላይፕሲክ የንግድ ትርዒት ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው ላይካ የብርሃን መለኪያ አልነበረውም። በ1954 የወጣውና እስከ ዛሬ ድረስ የሚደነቀው ኤም 3ም እንዲሁ አልነበረውም። የዚያን ዘመን ሰው ብርሃኑን በልምድ ይገምት ነበር፤ ይኸውም በደማቅ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርጎ መዝጊያውን ከፊልሙ ፍጥነት ጋር በተቀራረበ ቍጥር ማለትም ለ100 ፊልም በ1/125 ሴኮንድ ማድረግ ነው። ይህ ደንብ ዛሬም ይሠራል። ቢሆንም ደመና ሲመጣ፥ ወይም ከአደባባይ ወደ ቤት ሲገባ ግምት ያታልላል፤ የሰው ዐይን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስተካክል ጨለማውን እንደ ጨለማ አይቈጥረውም።

መለኪያን በካሜራ ላይ የማኖር ሥራ በመጀመሪያ የተሞከረው ሴሌኒየም በተባለ ንጥረ ነገር ነበር። ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥር ባትሪ አያሻውም። በ1936 የወጣው ኮንታክስ 3 እንዲህ ያለ መለኪያ በራሱ ላይ ነበረው፤ ከጦርነቱ በኋላ በኪየቭ ከተማ በአርሴናል ፋብሪካ የተሠራው ኪየቭ 4፥ በ1961 የወጣው የጃፓኑ ካኖን 7ም እንዲሁ። ሆኖም ሴሌኒየም በደብዛዛ ብርሃን ደካማ ነው፤ በዕድሜና በርጥበትም ይዳከማል። ዛሬ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነውን የዚህ ዓይነት መለኪያ አምኖ መግዛት አይገባም። ካኖን 7ን ወይም ኪየቭን የሚገዛ ሰው መለኪያ የሌለው ካሜራ እንደ ገዛ አድርጎ ዋጋውን ይከራከር፤ መርፌዋ ብትንቀሳቀስ እንደ ምርቃት ይቍጠራት። መንቀሳቀሷ ግን ትክክል ለመሆኗ ማስረጃ አይደለም፤ ቆማ ከቀረች መርፌ ይልቅ እየተንቀሳቀሰች የምትዋሸው ብዙ ፊልም ታባክናለች።

ቀጥሎ የመጣው ካድሚየም ሰልፋይድ የተባለው ነው። ይህ በደብዛዛ ብርሃንም የሚሠራ ሲሆን ባትሪ ይፈልጋል፤ ብርቱ ብርሃን ካየም በኋላ ያየውን ቶሎ አይረሳም፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲዛወሩ ጥቂት መታገሥ ያሻል። ከላይካ ኤም ካሜራዎች መካከል በሌንሱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው በ1971 የወጣው ኤም 5 በዚህ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነው። አሠራሩ የሚያስገርም ነበር፤ መለኪያው በአንዲት ትንሽ ክንድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሌንሱ በስተኋላ ይቆምና መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት ክንዲቱ ዝቅ ብላ መንገድ ትለቃለች። ካሜራው ከቀድሞዎቹ የገዘፈ ስለ ሆነ ግን ገዢዎች ብዙም አልወደዱትም፤ በ1975ም መሠራቱ ቆመ። ለትልቅ እጅ የሚመች፥ ዛሬም ከወንድሞቹ ባነሰ ዋጋ የሚገኝ መልካም ካሜራ ነው።

የኤም 5ንም ሆነ የሲ ኤልን ነገር የሚያወሳስበው የባትሪው ጕዳይ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ሜርኩሪ ላለበት 1.35 ቮልት ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ኃይሉን ሳይቀንስ ስለሚሰጥ መለኪያ ሠሪዎች ይወዱት ነበር። ሜርኩሪ ግን ውሃንና ዓሣን የሚመርዝ በመሆኑ አገሮች እያከታተሉ ከለከሉት፤ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነትም ከጥቂት ዓይነቶች በቀር እንዲህ ያሉ ባትሪዎች መሥራትና መነገድ እስከ 2020 እንዲቀር ወሰነ። በምትኩ ተራውን 1.5 ቮልት ባትሪ ቢያስገቡ ይገባል፤ መርፌውም ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን በብዙዎቹ ካሜራዎች ኃይሉ ስለሚበልጥ መለኪያው ብርሃኑን ከሆነው አብዝቶ ያነባል፤ ሥዕሉም ጨልሞ ይወጣል። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ስሕተቱም አብሮ ስለሚለዋወጥ በአንድ ቍጥር ማረም አይቻልም። ዕውቀት ያለው ጠጋኝ ካሜራውን ለአሁኑ ባትሪ ሊያስተካክለው ይችላል። አለዚያ መስማት ለሚያዳግታቸው ሰዎች መሣሪያ የሚሆነው ባለ ዚንክና ባለ አየር ክብ ባትሪ ኃይሉ 1.4 ያህል ሆኖ ስለሚጸና ከዙሪያው ትንሽ ቀለበት ተጨምሮለት ያገለግላል፤ ልጣጩ ከተነሣ በኋላ ግን ቢሠሩበትም ባይሠሩበትም በጥቂት ሳምንት ወይም ወር ያልቃል።

ሦስተኛው ሲሊከን ነው። ፈጣን ነው፤ ያለፈውን ብርሃን አያስታውስም፤ የሚሠራውም ዛሬ በየሱቁ በሚገኙ ባትሪዎች ነው። የላይካ ኤም 6 መለኪያ ከዚህ ወገን ነው። በመጀመሪያው የመዝጊያ መጋረጃ መካከል ነጭ ክብ ተቀብቷል፤ በሌንሱ የገባው ብርሃን ከዚያ ላይ ተመልሶ ወደ መለኪያው ይደርሳል። በመመልከቻው ግርጌ ሁለት ቀያይ ቀስቶች ይበራሉ፤ ሁለቱ እኩል ሲበሩ ልኩ ደረሰ ማለት ነው። የቤሳ ካሜራዎችም በዚሁ ዓይነት በሌንሱ በኩል ይለካሉ። በሌንሱ ፊት ቢጫ ወይም ቀይ ማጣሪያ ለሚያስሩ፥ በጥቁርና ነጭ ፊልም ሰማዩን ለማጥቈር ለሚሹ ሰዎች ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ማጣሪያው የሚቀንሰውን ብርሃን መለኪያው ራሱ ያየዋልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውና በእኔ ግምት ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም ባትሪው ባለቀ ወይም መለኪያው በተበላሸ ጊዜ ካሜራው ምን ይሆናል? የሚለው ነው። ኤም 6 መዝጊያው በጥርስና በመጠምዘዣ ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ ባትሪ ባይኖርም ከ1 ሴኮንድ እስከ 1/1000 ድረስ ያነሣል፤ የጠፋው ቀስቱ ብቻ ነው። ቤሳ አር፥ አር 2፥ እንዲሁም ኤም የሚል ፊደል የተጨመረባቸው አር 2 ኤም፥ አር 3 ኤምና አር 4 ኤም እንደዚሁ ናቸው። በ2002 የወጣው ላይካ ኤም 7 ግን መዝጊያው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ በመሆኑ ያለ ባትሪ የሚሰጠው ሁለት ፍጥነት፥ 1/60ና 1/125ን ብቻ ነው። ዘይስ ኢኮን፥ ኮኒካ ሄክሳር አር ኤፍ፥ ሚኖልታ ሲ ኤል ኢ ያለ ባትሪ ከቶ አይሠሩም። እነዚህ ቀዳዳውን ብቻ መርጠው መዝጊያውን ለካሜራው የሚተዉባቸው፥ ለፈጣን ሥራ እጅግ የሚመቹ ካሜራዎች መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሰሌዳቸው በተበላሸ ጊዜ መለዋወጫው ፋብሪካውም የማይሠራው ሊሆን ይችላል፤ ብልህ ጠጋኝም ብረቱን እንጂ የሌለ ሰሌዳ ሊፈጥር አይችልም። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ከሥዕል ጥራት በፊት ሊታሰብ ይገባዋል።

ስለ ሌንሱ መጋጠሚያ በአጭሩ እንናገር። በ2000 የወጣው ቤሳ አር 39 ሚሊሜትር የሆነውን የጥንቱን ጠምዛዛ ሌንስ ይቀበላል፤ ከአር 2 ጀምሮ ያሉት አብዛኞቹ ግን የላይካ ኤምን መጋጠሚያ የያዙ ናቸው። ጠምዛዛው ሌንስ በቀለበት አማካይነት በኤም አካል ላይ ይገባል፤ የኤም ሌንስ ግን በጠምዛዛ አካል ላይ አይገባም። ስለዚህ ሌላ ሌንስ ወደ ፊት ለመግዛት ያሰበ ሰው የኤም መጋጠሚያ ያለውን ቢመርጥ መንገዱ ሰፊ ይሆንለታል።

ሰው የተጠቀመበትን ካሜራ ሲገዙ ምን ይመልከቱ? በመጀመሪያ የባትሪውን ቤት ይክፈቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ካለበት ባትሪው ፈሷል ማለት ነውና ሽቦውም ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በአዲስ አበባ ካሉ ወደ እንጦጦ ዞረው የሌንሱን ርቀት መጨረሻው ላይ አድርገው አንድ ዛፍ ይመልከቱ፤ ሁለቱ ምስሎች ካልተገጣጠሙ ርቀት መለኪያው ዘንበል ብሏል፤ ይህ የሚታረም ነው። መዝጊያውን በ1 ሴኮንድ፥ በ1/2፥ በ1/4 ተኩሰው ድምፁን ያድምጡ፤ በመካከል የሚንገታገት ከሆነ ዘይቱ ደርቋል። በመጨረሻም በጨለማ ክፍል ሌንሱን አውልቀው፥ ጀርባውን ከፍተው በመጋረጃው ላይ መብራት ያብሩ፤ የነጥብ ያህል ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳለ ይታያል። የላይካ ኤም መጋረጃ የተሠራው ከጨርቅ ነው፤ በፊቱ የሚከልለው መስተዋት የለም። በእኛ ዓይነት ፀሐይ ሌንሱን ወደ ላይ አቅንቶ በጠረጴዛ ላይ መተው፥ ልጅ በማጕሊያ መነጽር ወረቀት እንደሚያቃጥል ሁሉ መጋረጃውን ይበሳዋል። የቤሳ መዝጊያ ከብረት የተሠራ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ይሻላል። ክዳን ለሌንስ መጠበቂያ ብቻ ይመስላል እንጂ በእነዚህ ካሜራዎች መጋረጃንም ይጠብቃል።

መለኪያውን ለመፈተን ሌላ የታመነ መለኪያ፥ የስልክም ቢሆን፥ ይዘው በጥላ ያለ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ግድግዳ ይለኩ፤ ቀጥሎ በፀሐይ ያለውን፥ ቀጥሎ በክፍል ውስጥ ያለውን። በሦስቱም ቦታ የካሜራው መለኪያ በአንድ ዓይነት መጠን ከተሳሳተ የፊልሙን ፍጥነት መምረጫ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ ማረም ይቻላል። በፀሐይ ትክክል ሆኖ በጥላ ከሳተ፥ ወይም በየቦታው ስሕተቱ ከተለያየ፥ መለኪያው ታሟልና ዋጋው ሳይቀነስ አይግዙ። የግማሽ ደረጃ ልዩነት ለተራው ኔጋቲቭ ፊልም አያሳስብም፤ ለስላይድ ፊልም ግን ይታያል።

ፍጹም ደኅና የሆነው መለኪያ እንኳ የሚያየው የብርሃን መጠን እንጂ ነገሩን አይደለም። የሚመለከተውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። በጥምቀት ዕለት ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፊት ቢያቀኑት፥ ብርሃኑ በዛ ብሎ ቀንስ ይላል፤ እንዳለው ቢያደርጉ ነጠላው ግራጫ፥ የሰዎቹ ፊት ጥላሸት ይሆናል። በዚያ ጊዜ ቀስቶቹ ካሉት በላይ ከአንድ እስከ ሁለት ደረጃ ይክፈቱ፤ ወይም ቀረብ ብለው የሰውየውን ፊት ብቻ ለክተው፥ ወደ ቦታዎ ተመልሰው በዚያው ልክ ያንሡ። ጥቁር ካባ የለበሱትን ሰው ሲያነሡ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ከኤም 3 ወደ ኤም 6 ቢዛወር ሥዕሉ አይሻሻልለትም።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፥ አቅም ላለው ሰው ኤም 6 ይበቃዋል፤ በጎን ፀሐይ ሲመታው የርቀት መለኪያው ምስል አንዳንዴ የሚጠፋ መሆኑን፥ በአሮጌዎቹም ላይ የዚንክ ክዳኑ ከቀለሙ በታች የሚያብጥ መሆኑን ግን አስቀድሞ ይወቅ። እብጠቱ መልክ ያበላሻል እንጂ ሥራ አያበላሽም። የ2022ቱ ክዳኑ ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ዋጋው ግን ለደመወዝተኛ የሚነገር አይደለም። አቅሙ መካከለኛ ለሆነው አር 2 ወይም አር 3 ኤም ቤሳን እመርጥለታለሁ። የቤሳ ካሜራዎች መሠራት በ2015 ስላበቃ ንጹሑን መፈለግ ያሻል። መለኪያ የሌለው ጠንካራ አካል ገዝቶ መለኪያውን ለብቻ በኪስ መያዝ ይሻላል የሚሉም አሉ፤ ዝግ ብሎ ለሚሠራ ሰው እውነት አላቸው፤ ልጆች ሲሮጡ ለሚያነሣ አባት ግን ሁለቱ እጆቹ አይበቁትም።

ካሜራው ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያውን ፊልም ለሙከራ ይስጡት። እያንዳንዱን ነገር ሦስት ጊዜ፥ አንዱን መለኪያው እንዳለው፥ አንዱን አንድ ደረጃ አስፍተው፥ አንዱን አንድ ደረጃ አጥብበው ያንሡና ቍጥሮቹን በማስታወሻ ይጻፉ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ከማስታወሻው ጋር ሲያመዛዝኑት መለኪያዎ በየት በኩል እንደሚያዘነብል ይታወቃል። ለብዙ ወር የማይሠሩበትም ከሆነ ባትሪውን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡ፤ መዝጊያውንም ሳይወጥሩ ይተዉት።